«ጌት» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጠቀም፦ ጎንደር ላሉ አስጎብኚዎች፣ አስተናጋጆችና ተማሪዎች

ጂ፣ ኢ፣ ቲ። ሦስት ፊደል ናት። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ግን ትርጉሟ ገጽ ይሞላል። አገኘ፣ ተቀበለ፣ ገዛ፣ አመጣ፣ ደረሰ፣ ሆነ፣ ገባው፣ ያዘው እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ዝርዝሩን አይቶ መጽሐፉን ይከድናል። የቀረው ደግሞ «አገኘ» የሚለውን ብቻ ይዞ ሁሉንም በእሱ ሊወጣው ይሞክራል።

ጎንደር ውስጥ ከውጭ እንግዳ ጋር የሚሠራ ሰው ከ«ጌት» አያመልጥም። ፋሲል ግቢ በር ላይ ቱሪስቷ «ዌር ካን አይ ጌት ኤ ቲኬት?» ትላለች። ትኬት የት እንደሚሸጥ መጠየቋ ነው። ፒያሳ ካፌ ገብታ «ካን አይ ጌት ኤ ማኪያቶ?» ትላለች። ማዘዟ ነው። ማታ ሆቴል ውስጥ «ሃው ዱ ዊ ጌት ቱ ደባርቅ?» ካለች መንገዱን ፈልጋ ነው። አስረድታችሁ ስትጨርሱ «ጎት ኢት!» ካለች ደግሞ ገብቷታል ማለት ነው፤ «ጎት» የ«ጌት» ያለፈ ጊዜ ናት።

እዚህ የምጽፈው ዘዴ ሽምደዳ የለበትም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንደኛ፣ ከ«ጌት» ቀጥሎ የመጣውን ቃል ማየት። ሁለተኛ፣ አማርኛችሁን ማመን። አማርኛ «ጌት» የምትሠራውን ሥራ ግማሹን በራሱ መንገድ ይሠራል፤ እናንተ የምታውቁትን ነገር ልብስ መቀየር ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ። ስልክ ካላችሁም ድምፅ መቅጃው ይጠቅማል።

ደረጃ 1፦ አፋችሁን አስተካክሉ

ይህ አጭር ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ድምፅ «ት» ናት እንጂ «ጥ» አይደለችም። «ጌጥ» ካላችሁ ያንገት ሐብል ሊመስል ነው። በሩ፣ ማለትም ፋሲል ግቢን ከከበበው አጥር ላይ ካሉት 12 በሮች አንዱ፣ «ጌይት» ነው፤ «ይ» ትሰማለች። የእኛዋ ቃል ውስጥ «ይ» የለችም፤ አጭር ናት። «ጌት ዩር ቲኬት አት ዘ ጌይት» የሚለውን ደጋግማችሁ በሉት፤ ልዩነቱን ምላሳችሁ ራሱ ይለየዋል።

አሜሪካኖች ደግሞ ከኋላዋ አናባቢ ሲመጣ «ት»ዋን ያላሉዋታል። «ጌት ኢት» ሲሉ «ጌዲት»፣ «ጌት አፕ» ሲሉ «ጌዳፕ» ሆኖ ይሰማችኋል። «ጎት ቱ» የሚለውም «ጋዳ» ይሆናል። እናንተ እንደዚያ ማለት የለባችሁም። ሲሉ ግን ማወቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ አዲስ ቃል የመጣ ይመስላችኋል።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ ምን መጣ?

ደብተራችሁን አምስት ቦታ ክፈሉት። የሰማችሁትን ወይም ያነበባችሁትን «ጌት» ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከአምስቱ በአንዱ ሥር ጻፉ።

ቀጥሎ ዕቃ ወይም ስም ከመጣ፣ ነገሩ ወደ ሰው እጅ እየገባ ነው፦ አገኘ፣ ተቀበለ፣ ገዛ፣ አመጣ። የትኛው እንደሆነ ዕቃው ይነግራችኋል። ደብዳቤ ከሆነ ተቀበለ፣ ሽሮ ከሆነ ገዛ ወይም አዘዘ፣ «ጌት ሚ ሰም ዎተር» ከሆነ ውሃ አምጣልኝ።

ቀጥሎ ሁኔታ ገላጭ ቃል ከመጣ፣ ለውጥ አለ። «ጌት ታየርድ» ደከመ፣ «ጌት ዳርክ» ጨለመ፣ «ጌት ኦልድ» አረጀ።

ቀጥሎ ቦታ ከመጣ ደረሰ ነው። የከተማና የሠፈር ስም «ቱ» ይፈልጋል፦ «ጌት ቱ ጎንደር»፣ «ጌት ቱ አዘዞ»። ቤት፣ እዚህ እና እዚያ ግን «ቱ» አይወዱም፦ «ጌት ሆም»፣ «ጌት ሂር»፣ «ጌት ዜር»። «ጌት ቱ ሆም» የሚል ሰው እንግሊዝኛው ጥሩ ቢሆንም እንኳ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቀጥሎ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ከመጣ፣ ማለትም እነ «ስቶለን»፣ «ፔይድ»፣ «ማሪድ»፣ ነገሩ በሰውየው ላይ የደረሰ ነው። ይህን ደረጃ 4 ላይ በደንብ እናየዋለን።

ቀጥሎ እነ «አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «አውት» ከመጡ ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ አዲስ ቃል ሆነዋል።

እንግዲህ ጥምቀትን አስቡ። ጥር 11 ቀን የፋሲለደስ መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውሃ ሞልቶ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ከብቦ ቆሟል። ከእንግዳችሁ ጋር ናችሁ። «ዊ ሹድ ጌት ዜር ኧርሊ» ትሉታላችሁ፤ በጠዋት እንድረስ። «ኢት ጌትስ ክራውድድ» ትላላችሁ፤ ይጨናነቃል። «ሌትስ ጌት ኤ ጉድ ስፖት»፤ ጥሩ ቦታ እንያዝ። ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ዘልሎ ሲገባ፣ ካሜራውን ይዞ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰው «ዩ ዊል ጌት ዌት!» ብላችሁ ታስጠነቅቁታላችሁ፤ ትረጥባለህ። ቦታ፣ ሁኔታ፣ ስም፣ ሁኔታ። አንድም ጊዜ መዝገበ ቃላት አላስፈለገም።

ደረጃ 3፦ በ«ኝ» የሚያልቁ ግሦቻችሁን ሰብስቡ

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ደረጃ ነው። አማርኛ ስንናገር ብዙ ነገር ራሱ እየመጣ ይይዘናል። ራበኝ። በረደኝ። ደከመኝ። ደረሰኝ። ገባኝ። ጉንፋን ያዘኝ። አድራጊው ረሃቡና ብርዱ ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። ሰውየውን ፊት ያመጣና «ጌት» ይሰጠዋል።

ደረሰኝ፦ «አይ ጎት ኢት»። መልእክትህ ደረሰኝ ለማለት «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ»።
ገባኝ፦ ይህም «አይ ጎት ኢት»። አልገባኝም ደግሞ «አይ ዶንት ጌት ኢት»።
ደከመኝ፦ «አይ ጎት ታየርድ»።
በረደኝ፦ «አይ ጎት ኮልድ»።
ጉንፋን ያዘኝ፦ «አይ ጎት ኤ ኮልድ»።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ተመልከቱ። አንዲት «ኤ» ናት የለየቻቸው። ያለ «ኤ» በረደኝ፣ ከ«ኤ» ጋር ጉንፋን ያዘኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሲጎበኝ ኮቱን የሚቆልፍ እንግዳ «አይም ጌቲንግ ኮልድ» ካለ ጋቢ ይበቃዋል። በማግስቱ ቁርስ ላይ እያስነጠሰ «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ካለ ግን ዝንጅብል ሻይ አምጡለት።

እዚህ ላይ «ጌት»ን ከ«ቢ»፣ ማለትም ከእነ «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር» መለየት ያስፈልጋል። «ቢ» ያለበትን ይናገራል፤ «ጌት» ወደዚያ መግባቱን። አማርኛ ይህን «እየ» በምትለዋ ይለያል። ራበኝ ስል አሁን ርቦኛል፦ «አይ አም ሀንግሪ»። እየራበኝ ነው ስል ግን ገና እየመጣ ነው፦ «አይ አም ጌቲንግ ሀንግሪ»። መሽቷል «ኢት ኢዝ ዳርክ» ነው፤ እየመሸ ነው «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ»። ከእንግዳ ጋር ተራራ ላይ ካላችሁ ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። እየመሸ ነው ማለት እንሂድ ማለት ነው። መሽቷል ማለት ባትሪ አውጡ ማለት ነው።

ስለዚህ አማርኛችሁ ውስጥ «እየ» ከሰማችሁ፣ ለውጥ የሚናገርም ከሆነ፣ «ጌቲንግ» ሞክሩ። እየተሻለው ነው፦ «ሂ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር»። ኑሮ እየተወደደ ነው፦ «ላይፍ ኢዝ ጌቲንግ ኤክስፔንሲቭ»። ይህን የመጨረሻውን ለመለማመድ ቅዳሜ ገበያ አንድ ጊዜ መውጣት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ «ተ» እና «አስ»

አማርኛ ግሥ ፊት ላይ ሁለት ጠንካራ መሣሪያ አለው። «ተ» ስትጨመር ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል፦ ከፈለ፣ ተከፈለ። «አስ» ስትጨመር ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሠራው ይደረጋል፦ ጠገነ፣ አስጠገነ። «ጌት» ሁለቱንም ትሠራለች። እንዴት እንደሆነ ተራ በተራ እንያቸው።

መጀመሪያ «ተ»። ተከፈለኝ፦ «አይ ጎት ፔይድ»። ተጎዳ፦ «ሂ ጎት ኸርት»። ስልኬ ተሰረቀ፦ «ማይ ፎን ጎት ስቶለን»። ቀላል ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለ። እኛ ተሰረቅኩ እንላለን፤ ምንም ክፋት የለውም፤ ሁሉም ይገባዋል። ይህን ቃል በቃል «አይ ጎት ስቶለን» ብላችሁ ከተረጎማችሁት ግን የተሰረቃችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ ሌባው እናንተን ተሸክሞ ሄዷል። የሚባለው «አይ ጎት ሮብድ» ወይም «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» ነው። ፖሊስ ጣቢያ እንግዳ አጅቦ የሄደ አስተርጓሚ ይህን ማወቅ አለበት።

ሌላው ወጥመድ ጋብቻ ነው። «ጌት ማሪድ» አገባ ወይም ተጋባ ነው። ከእሱ ጋር ተጋባች ስለምንል እጃችን ወደ «ዊዝ» ይሄዳል። ትክክሉ «ቱ» ነው፦ «ሺ ጎት ማሪድ ቱ ሂም»። እንግዳ «አር ዩ ማሪድ?» ካላችሁ ባለትዳር መሆናችሁን እየጠየቀ ነው። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ማሪድ?» ካለ የሠርጋችሁን ጊዜ ነው።

«ተ» ባለበት ሁሉ ግን «ጌት» አይሰካም። ተወለደ «ዋዝ ቦርን» ነው፤ «ጎት ቦርን» የሚል የለም። የሕንጻ ታሪክ ስታስረዱም «ዋዝ» ይሻላል። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ አደረጓት፤ ግንቡ ተሠራ። ተሠራ እዚህ «ዋዝ ቢልት» ነው። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይህም «ዋዝ» ይወስዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን፣ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘው ሳለ እንግሊዞች ከአየር ደብድበው ከግንቡ ከፊሉ ተጎዳ። እዚህ ላይ «ኢት ጎት ዳሜጅድ» ብትሉ በንግግር ደስ ይላል፤ ጉዳት፣ አደጋ፣ ድንገተኛ ነገር ለ«ጌት» ይመቻታል። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ብቻ «ዋዝ ዳሜጅድ» ይሁን።

አሁን «አስ»። ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ጋ እግራችሁን ሳጥኑ ላይ አስቀምጣችኋል። ልጁ በውሃ አረጠበው፣ በሳሙና አጠበው፣ ቀለም ቀባው፣ በጨርቅ አብረቀረቀው። ተነሥታችሁ ስትሄዱ ጓደኛ ቢጠይቃችሁ ጫማዬን አስጠረግኩ ትላላችሁ። ጠረግኩ አትሉም፤ የጠረገው ልጁ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ክሊንድ ማይ ሹዝ» ካላችሁ ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ጠርጋችኋል። አስጠረግኩ ለማለት «አይ ጎት ማይ ሹዝ ክሊንድ» በሉ። ቅደም ተከተሉን ያዙ፤ መጀመሪያ «ጎት»፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ። ዕቃው መሐል መግባት አለበት። «አይ ጎት ክሊንድ ማይ ሹዝ» አይሆንም።

በዚሁ ቅርጽ የፈለጋችሁትን አስፉ። ባጃጄን አስጠገንኩ፦ «አይ ጎት ማይ ባጃጅ ፊክስድ»። ልብስ አሰፋሁ፦ «አይ ጎት ኤ ድሬስ ሜድ»። ጸጉሬን ተቆረጥኩ፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»። ጸጉር ላይ አማርኛው «ተ» ስለሆነ ግራ ይገባል፤ እንግሊዝኛው ግን ያው ነው፤ መቀስ የያዘው ሌላ ሰው ስለሆነ። «አይ ከት ማይ ሄር» ካላችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ በገዛ እጃችሁ ቆርጣችሁታል።

ዕቃ ሳይሆን ሰው መሐል ሲገባ ደግሞ «ቱ» ትመጣለች። «አይ ጎት ሂም ቱ ዌይት» ማለት እንዲጠብቅ አደረግኩት ነው። እዚህ ውስጥ ትንሽ ማግባባት አለ፤ ለምኛለሁ፣ አስረድቻለሁ፣ ምናልባት ሻይ ጋብዣለሁ። በግድ ከሆነ «ሜክ» ነው የሚባለው፤ እሱ ደግሞ «ቱ» አይወስድም፦ «አይ ሜድ ሂም ዌይት»። ሾፌሩን ለምኖ ያስጠበቀ አስጎብኚ «ሜድ» ካለ ሾፌሩ ሊቀየም ይችላል፤ እንግሊዝኛ ከሰማ።

ደረጃ 5፦ «አገኘ»ን አትመኑት

ጎንደር ብቻ ሳይሆን አማርኛ ተናጋሪ ባለበት ሁሉ የሚሠራ ስህተት ነው። አገኘ ሰፊ ቃል ነው። ሥራ አገኘሁ። ስልኬን አገኘሁት። ጓደኛዬን አገኘሁት። ሦስቱንም «አይ ጎት» የሚል ሰው ሞልቷል። ትክክሉ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ስለዚህ አፋችሁ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ያገኘሁት ምንድን ነው?

የሚሰጥ ነገር ከሆነ፣ ሥራ፣ ደሞዝ፣ ቪዛ፣ ፈቃድ፣ ውጤት፣ «ጎት» ነው። ጠፍቶ የተገኘ ወይም ተፈልጎ የተገኘ ከሆነ «ፋውንድ» ነው፦ «አይ ፋውንድ ማይ ፎን»። ሰው ከሆነ «ሜት» ወይም «ሶው» ነው፦ «አይ ሜት ማይ ፍሬንድ አት ፒያሳ»። ሰው ላይ «አይ ጎት ሂም» ካላችሁ ያዝኩት፣ አልለቀውም ማለት ይመስላል። ሌባ ካልያዛችሁ በስተቀር አትበሉት።

አንድ የሚያደናግር አለ። ትኬት ፈልጌ አገኘሁ ብትሉ «ፋውንድ»ም «ጎት»ም ይሆናል። ከገዛችሁት «ጎት»፤ መሬት ወድቆ ካያችሁት «ፋውንድ»።

ደረጃ 6፦ መሳፈርና መውረድ

እኛ በሁሉም ነገር ላይ እንሳፈራለን፣ ከሁሉም እንወርዳለን። እንግሊዝኛ ግን ተሽከርካሪውን ይለያል። ቆማችሁ የምትራመዱበት ወይም እግራችሁን ከፍታችሁ የምትቀመጡበት ከሆነ «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ» ነው፦ አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ ብስክሌት፣ ፈረስ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ በቅሎ። ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው፦ ባጃጅ፣ ታክሲ፣ የቤት መኪና። ሚኒባስ ላይ ሁለቱም ይሰማል፤ አትጨነቁ። ወራጅ አለ! ለማለት የምትፈልግ እንግዳ ካለች «አይድ ላይክ ቱ ጌት ኦፍ ሂር» በቂ ነው፤ ረዳቱ የሚገባው ግን ወራጅ አለ ነውና እሱን አስተምሯት።

የባጃጅ ሾፌሮች እዚህ ላይ ጆሮ ስጡ። እንግዳውን ሆቴሉ በር ላይ አድርሳችሁ ዞር ብላችሁ «ጌት አውት» ካላችሁ፣ ውጣልኝ ብላችሁ እንዳባረራችሁት ነው የሚሰማው። ሰዋስው አልተሳሳታችሁም፤ ግን ሰውየውን አስቀይማችኋል። «ዊ አር ሂር» በሉ፤ ደርሰናል ማለት ነው። ይወርዳል። ሲሳፈርም «ጌት ኢን» ብቻውን ደረቅ ነው፤ «ፕሊዝ» ጨምሩበት። የግንቡ አጥር ላይ ወጥቶ ፎቶ የሚነሣ እንግዳ ካለ «ጌት ኦፍ!» ብሎ ከመጮህ «ፕሊዝ ከም ዳውን» ይሻላል።

«ጌት ሎስት»ም እንደዚሁ ነው። «ዊ ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋን ነው፤ ምንም የለበትም። በትእዛዝ ሲመጣ ግን «ጌት ሎስት!» ከፊቴ ጥፋ ማለት ነው። ይህን ለእንግዳ ከተናገራችሁ ሄዳችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ የሚበቁ ተቀጽላዎች

መጽሐፎች እነዚህን በመቶ ይደረድራሉ። ለዕለት ሥራ ጥቂቶች ይበቃሉ። «ጌት አፕ» ከመኝታ ተነሣ። «ጌት ባክ» ተመለሰ፤ «ጌት ኢት ባክ» ካለ ግን ዕቃውን አስመለሰ። «ጌት አሎንግ» ተስማማ፤ «ዜይ ጌት አሎንግ» ተግባብተው ይኖራሉ ነው። «ጌት ሪድ ኦፍ» አስወገደ፣ ተገላገለ። «ጌት ኦቨር» ከበሽታ ወይም ከሐዘን ወጣ፣ ተጽናና።

አንዷን ለይቼ ልያዛት፦ «ጌት ዩዝድ ቱ»፣ ለመደ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከዝቅተኛ አገር የመጣ እንግዳ ጎንደር ደረጃ ላይ ሲያለከልክ ታዩታላችሁ። «ዩ ኒድ ታይም ቱ ጌት ዩዝድ ቱ ዚ አልቲቲውድ» በሉት፤ ከፍታውን ለመልመድ ጊዜ ያስፈልግሃል። ከ«ቱ» በኋላ ስም ይገባል። ግሥ ከሆነ ደግሞ በ«ኢንግ» ያልቃል፦ «ጌት ዩዝድ ቱ ኢቲንግ እንጀራ»። «ቱ ኢት» አይባልም።

ደረጃ 8፦ ሲነገር መስማት

አስተናጋጅ ከሆናችሁ «ካን አይ ጌት» ስትሰሙ ትእዛዝ ነው፤ አገኛለሁ ወይ ብሎ የተጠራጠረ አይደለም። እንዳለ ካወቃችሁ ጻፉና ሂዱ። ምን ልታዘዝ ለማለት «ዋት ካን አይ ጌት ዩ?» በሉ፤ ያማረ ነው።

ሂሳብ ሲመጣ ከሁለት አንዱ «አይል ጌት ዚስ» ካለ እኔ ልክፈል ማለቱ ነው። እኛ አገር እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በሞቴ፣ አይሆንም፣ ተው እያልን የምናደርገውን በሦስት ቃል ጨረሰው። ሂሳቡን ወደ እሱ አስጠጉ። ስልክ ሲጮህ ወይም በር ሲንኳኳ «አይል ጌት ኢት» ካለ ደግሞ እኔ አነሣዋለሁ፣ እኔ እከፍታለሁ ነው።

«ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» ካለ አልሰማሁህም ወይም አልገባኝም ብሏል። የጎደለ ዕቃ ፍለጋ አትሂዱ። ቀስ ብላችሁ ድገሙለት።

«ሃቭ ዩ ጎት ቼንጅ?» ዝርዝር አለህ ወይ ነው። ይህ የእንግሊዞች ነው፤ «ሃቭ ጎት» ያለ ማለት ብቻ ነው፣ ማግኘት የለበትም። መልሱ «የስ፣ አይ ሃቭ»። አሜሪካኑ «ዱ ዩ ሃቭ ቼንጅ?» ይላል። አሜሪካኖች «ጎተን»ም ይላሉ፦ «ኢት ሃዝ ጎተን ኮልደር»። እንግሊዞች እዚያ ቦታ «ጎት» ይላሉ። ድሮ እንግሊዝ አገርም «ጎተን» ይባል ነበር፤ እነሱ ሲተዉት አሜሪካ ይዛው ቀረች። «ጌት» ራሷም ለእንግሊዝኛ እንግዳ ናት። ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ነው በመካከለኛው ዘመን የገባችው። ስለዚህ አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት አትበሉ፤ ብቻ አትደባልቁ።

ደረጃ 9፦ የማትገባበት ቦታ

«ጌት» የአፍ ቃል ናት። መመረቂያ ጽሑፍ፣ የምርምር ሪፖርት፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ አትበዛም። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ በተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ፣ በተለይ ሕክምናና ጤና ላይ ላላችሁ፣ ቢያንስ እነዚህን ቀይሩ። ታማሚዎቹ ሕክምና አገኙ ስትሉ «ጎት ትሪትመንት» ሳይሆን «ሪሲቭድ ትሪትመንት»። ውጤት አገኘን ስትሉ «ኦብቴይንድ»። ተሻላቸው ስትሉ «ኢምፕሩቭድ»። ተያዙ ስትሉ «ወር ኢንፌክትድ»።

ተቃራኒውም አለ። እነዚህን ከባድ ቃላት ይዞ ካፌ የሚገባ ተማሪ አያለሁ። «ዌር ካን አይ ኦብቴይን ኤ ማኪያቶ?» የፖሊስ ቃል መቀበያ ይመስላል።

መልመጃ

መጀመሪያ አማርኛውን ብቻ አንብባችሁ በአፋችሁ ተርጉሙ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ከዚያ መልሱን እዩ።

ማታ ማታ ጎንደር ይበርዳል።
አዘዞ ስትደርስ ደውልልኝ።
ፓስፖርቴን አሳደስኩ።
መልእክትህ አልደረሰኝም።
ጓደኛዬን ቅዳሜ ገበያ አገኘሁት።
ልጄን እንዲያጠና አግባባሁት።
ትናንት ተሰረቅኩ።

መልሶቹ፦

«ኢት ጌትስ ኮልድ ኢን ጎንደር አት ናይት»።
«ኮል ሚ ዌን ዩ ጌት ቱ አዘዞ»። ነገሩ ወደፊት ቢሆንም ከ«ዌን» በኋላ «ዊል» አትግባ።
«አይ ጎት ማይ ፓስፖርት ሪኒውድ»። ፓስፖርቱ መሐል ካልገባ ደረጃ 4ን ተመልሳችሁ አንብቡ።
«አይ ዲድንት ጌት ዩር ሜሴጅ»። «ዲድንት» ካለ «ጎት» ሳይሆን «ጌት» ነው።
«አይ ሜት ማይ ፍሬንድ አት ቅዳሜ ገበያ»።
«አይ ጎት ማይ ሰን ቱ ስተዲ»። በቀበቶ ከሆነ «ሜድ»።
«አይ ጎት ሮብድ የስተርደይ»።